«ውሻ ነው የነከሰው» ተብሎ የልጅ ደም ደመ ከልብ አይሁን



የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሕግና ስለ ካሳ የሚያወራ ሊመስላችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን የጤና ጉዳይ መሆኑን ትረዱታላችሁ። በተለይ በቆቦ፣ በሮቢት፣ በጎብዬ፣ በዞብል በኩልና በአጠቃላይ በራያ ቆላ የምትኖሩ፣ ከብት የሚጠብቅ ወይም ትምህርት ቤት በእግሩ የሚመላለስ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

አማርኛችን «ደመ ከልብ» የሚል አባባል አለው። ከልብ በግዕዝ ውሻ ማለት ነው። የአንድ ሰው ደም ደመ ከልብ ሆነ ሲባል ጠያቂ አጣ፣ ፍርድም ካሳም ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። ውሻ የነከሳቸው ብዙ ልጆች ደም ደመ ከልብ ሆኖ የሚቀረው ሕግ ስለሌለ አይደለም። ሕግ አለ። የሚቀረው በመጀመሪያዋ ምሽት በምንሠራው ስህተት ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው። ልጁ ጥጃ ሊመልስ ወደ ማሽላው ዳር ይወጣል። የጎረቤት ውሻ ባቱን ይነክሰዋል። ጩኸት ይሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል። የውሻው ባለቤት በእፍረት «ይቅር በሉኝ» ይላል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ለመታከሚያ ተብሎ ጥቂት ብር ይሰጣል፣ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። ከዚያ ጎረምሶች ዱላ ይዘው ውሻውን ያሳድዱትና ይገድሉታል። ልጁ ቁስሉ ላይ ቡና ይነሰነስለትና ይተኛል። ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል።

በዚያች ምሽት ሦስት ነገሮች ጠፍተዋል። ቁስሉ የሚታጠብበትና ክትባት የሚጀመርበት ጊዜ ጠፋ። ውሻው ታሞ እንደነበርና እንዳልነበር የምናውቅበት ማስረጃ ጠፋ። የልጁ የካሳ መብትም ገና ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ በጥቂት ብር ተሸጠ።

ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ። ክትባቱ በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። ለካሳ ክስ ግን ሕጉ 2 ዓመት ይሰጣል። እኛ ግን ገልብጠን ነው የምንሠራው፤ ካሳውን በአንድ ምሽት እንጨርሳለን፣ ክትባቱን «ነገ እናያለን» እንላለን።

መጀመሪያ ሕክምናው

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን በትክክል ከታከምን መከላከል ይቻላል። ፓስተር በ1885 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከከተበ ወዲህ ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ አልፏል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ በውሻ ነው። ባበደ ውሻ ከሚነከሱት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ልጃችሁ እንደተነከሰ፦

1. ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ እጠቡ።

2. ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል፣ አመድ ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ጠበል መጠመቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ማንም አይከለክላችሁም፤ ክትባቱን ግን አይተካም፣ ክትባቱንም አያዘግየው።

3. በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው በመጡበት ቀን ይሰጥና በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከዚያ በኋላ ባሉት የተወሰኑ ቀናት ይቀጥላል፤ ብዛቱ እንደ ክትባቱ ዓይነት ይለያያል። ቁስሉ ቆዳን የበሳ ከሆነ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ስለሱም ጠይቁ። የመንጋጋ ቆልፍ (ቲታነስ) ክትባትም እንዳይረሳ።

4. ቀናት ቢያልፉም «አልፎበታል» ብላችሁ አትቅሩ። በሽታው በሰውነት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል፤ በሳምንት ውስጥም ሊወጣ ይችላል፣ እስከ አንድ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ምልክት እስካልታየ ድረስ መምጣታችሁ ዋጋ አለው።

ውሻውን አትግደሉት!

ይህን ስናገር የሚቆጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልጄን ነክሶ እንዴት በሕይወት ይቆያል? ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ያ ውሻ ለልጃችሁ ሐኪምም ምስክርም ነው።

ሐኪም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ውሻው በነከሰበት ሰዓት በሽታውን የሚያስተላልፍ ከነበረ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ የቀረውን ክትባት ሊያቋርጥ ይችላል። ክትባቱን ግን 10 ቀን ጠብቃችሁ አትጀምሩም፤ ዛሬውኑ ትጀምራላችሁ፣ ውሻው ደግሞ ታስሮ ይታያል። ከተገደለ ወይም ከጠፋ ሁሉንም መርፌ መጨረስ ግድ ይሆናል።

ምስክር ያልኩት ደግሞ የማን ውሻ እንደነበር፣ ተከትቦ እንደነበር፣ ታስሮ ይውል እንደነበር የሚታወቀው ውሻው ሲኖር ስለሆነ ነው። የሞተ ውሻ ባለቤት የለውም። በማግስቱ «የኔ አይደለም፣ የመንገድ ውሻ ነው» ቢባል ማን ያስረዳል?

ውሻው የሚለሀጭ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ፣ የሚንገዳገድ ከሆነ ግን እናንተ አትጠጉት። ለቀበሌና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ። አስቀድሞ ተገድሎ ከሆነም በባዶ እጅ አትንኩት፤ ከመቀበሩ በፊት ናሙና መውሰድ ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ።

ሕጉ ምን ይላል?

እኔ ሐኪም ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የሚከተለውን እያንዳንዱ ወላጅ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ «ገመዱ ተበጥሶ ነው»፣ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» የሚለው መልስ ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። ውሻውን ለጥቅሙ የያዘ፣ የተዋሰ ወይም እንዲጠብቅ የተረከበ ሰውም ውሻው በእጁ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል።

ባለቤቱ የሚከራከርበት ዋናው ነገር የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። በሌሊት አጥር ዘልሎ የገባና በመንገድ ሲሄድ የተነከሰ እኩል አይታዩም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ይኸው ሕግ የቤት እንስሳ ባለቤት በራሱ በኩል ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት እንዲወጣ ይፈቅድለታል። በሬ ወይም ግመል ቢሆን ይህ ትርጉም አለው፤ ተሽጦ ለሕክምና ይሆናል። ውሻ ሲሆን ግን ምን ይጠቅማል? የልጁ ባት ተቦጭቆ «እንካ ውሻውን ውሰድ» ሊባል ነው።

ይህ በር የሚዘጋው የባለቤቱን ጥፋት በማስረዳት ነው። ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ነክሷል? ለባለቤቱ ተነግሮት ነበር? ሳይታሰር ይውላል? ክትባት ወስዶ ያውቃል? እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። በኦሪት ሕግም ተዋጊ መሆኑ የታወቀ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ያላሰረው በሬ ሰው ሲገድል የባለቤቱ ዕዳ የከበደ ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ያልተከተበ ውሻ ልጆች በሚመላለሱበት መንገድ ለቅቆ መተው ጥፋት ነው እላለሁ፤ የሚወስነው ግን ዳኛው ነው። ስለዚህ የጎረቤት ውሻ ሰው ሲነክስ ቁስሉ ትንሽ ቢሆን እንኳን ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ አስመዝግቡ። የዛሬዋ ትንሽ ንክሻ ካልተመዘገበች የነገው ትልቅ ንክሻ «የመጀመሪያው» ይሆናል።

ካሳው ስንት ነው?

መርሁ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። በዚህ ውስጥ የክትባትና የመድኃኒት ዋጋ፣ ከገጠር ቆቦ፣ ከቆቦ ወልድያ የተመላለሳችሁበት ትራንስፖርት፣ ያደራችሁበት ወጪ፣ ከልጁ ጋር ስትመላለሱ የቀረባችሁ የሥራ ገቢ፣ የአካል ጉዳት ከቀረም ወደፊት የሚያስከትለው ኪሳራ ይገባል።

የሕሊና ጉዳትስ? በየሌሊቱ እየባነነ ለሚጮህ፣ ትምህርት ቤት ለመሄድ ለሚፈራ ልጅስ? እዚህ ላይ ሕጉ ያሳፍራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 1000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. 1000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከልጁ ጋር ደርሶ መልስ ለመመላለስ እንኳን አስተማማኝ አይደለም። ይህ ቁጥር መስተካከል ያለበት ይመስለኛል፤ የሕግ ባለሙያዎች ደግመው ደጋግመው ሊያነሱት ይገባል።

እስከዚያው ግን ለእናንተ የሚነግራችሁ አንድ ቁም ነገር አለ። በእንባ የሚገኝ ካሳ ትንሽ ነው፤ በደረሰኝ የሚገኘው ነው የሚበልጠው። ስለዚህ፦

• የሕክምና ካርዱንና የክትባት ቀጠሮ ወረቀቱን አስቀምጡ። ሐኪሙ የቁስሉን ቦታ፣ ስፋትና ጥልቀት፣ «በውሻ የተነከሰ» የሚለውንና ቀኑን እንዲጽፍ ጠይቁ። እኛ ሐኪሞችም «ቁስል ታክሟል» ብለን ብቻ ማለፍ የለብንም።

• ለፖሊስ በዚያው ሰሞን አመልክቱ፤ የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጣችሁ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። የወንጀል ሕጉ በቸልተኝነት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስንም ይቀጣል።

• ቁስሉን ከመታሰሩ በፊትና በየሳምንቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

• የመድኃኒት ቤት፣ የመኝታና የመኪና ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፌስታል ይቀመጥ። ደረሰኝ የማይሰጥ ባጃጅ ከሆነ ቀኑንና ዋጋውን ደብተር ላይ ጻፉ።

• ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ያዙ።

ክሱ የሚቀርበው በወረዳው ፍርድ ቤት ነው። ለልጁ ወላጅ ወይም ሞግዚት ይከሳል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው «በደሃ ደንብ» እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤት ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚገኝበት አጋጣሚም ስላለ ጠይቁ። የ2 ዓመቱ ጊዜ የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው፤ አትዘናጉ።

«ጎረቤት ሆነን በውሻ ልንካሰስ?»

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ራያ ደም እንኳን ሳይቀር በሽምግልና የሚደርቅበት፣ ዘወልድ የሚከበርበት አገር ነው። አብሮ የሚያርስ፣ አብሮ የሚቀብር ሰው በውሻ ምክንያት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጓተት ማየት ማንም አይወድም። መንገድ በሚዘጋበት፣ ችሎት በሚስተጓጎልበት ጊዜ ደግሞ ሽማግሌው ነው ቅርብ ያለው።

ስለዚህ ሽምግልናውን አልቃወምም። የምቃወመው ጊዜውን ነው። ጉዳቱ ሳይታወቅ የተፈረመ እርቅ በኋላ ፍርድ ቤት ብትሄዱ ሊያስራችሁ ይችላል። «አንዴ ታርቀሃል፣ ተቀብለሃል» ትባላላችሁ። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ ቢያመረቅዝና ወልድያ ቢላክ ማን ይከፍላል?

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ በመጀመሪያው ምሽት ስትቀመጡ ሦስት ነገር ብቻ አስወስኑ፦

አንደኛ፣ የክትባቱንና የመመላለሻውን ወጪ እስከ መጨረሻው መርፌ ድረስ የውሻው ባለቤት ዛሬውኑ ይጀምር።

ሁለተኛ፣ ውሻው 10 ቀን ታስሮ ይቆይ፣ በየቀኑ ይታይ፣ ማንም አይግደለው፣ ማንም አይሽጠው።

ሦስተኛ፣ የቀረው ካሳ ክትባቱ ካለቀና ቁስሉ ከዳነ በኋላ ይታይ። ያን ጊዜ ወረቀቱ፣ ደረሰኙ፣ የሐኪሙ ማስረጃ በፊታችሁ ይሆናል። ፍርዳችሁም ይበልጥ ሚዛናዊ ይሆናል።

ይህ እርቅን አያፈርስም። እንዲያውም ያጠነክረዋል። በመጀመሪያው ምሽት በተጣደፈ እርቅ የተለያዩ ጎረቤቶች ልጁ ቢሞት ዳግመኛ አይታረቁም።

ካሳ መጠየቅ ስስት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ «በልጄ ደም ገንዘብ አልበላም» ይላሉ። ይህን ኩራት አከብራለሁ። ግን አስቡት፤ ክትባት ጀምረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው መርፌ የሚቀሩ ቤተሰቦች ለምን ቀራችሁ ሲባሉ ከሚሰጡት መልስ አንዱ «መሳፈሪያ አጣን» የሚል ነው። ያን መሳፈሪያ መክፈል ያለበት ሰው ጎረቤት ተቀምጧል። ስለዚህ ካሳው የልጁ መድኃኒት አካል ነው። በኩራት የተተወው ብር ያልተወጋ መርፌ ይሆናል።

ውሻ ላላችሁ

ውሻ ማሳደግ ነውር አይደለም። በቆላው ያለ ውሻ ከብትና ማሽላ የሚጠብቅ ገበሬ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ፤ በወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ፣ የክትባቱንም ወረቀት ያዙ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚመላለሱበት ሰዓት እሰሩት። ውሻችሁ ሰው ከነከሰ አትሸሹ፣ ውሻውንም አትደብቁ። ልጁን ታቅፋችሁ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የምትደርሱት እናንተ ሁኑ። ለሰውነትም ለኪስም የሚሻለው ይህ ነው። በወቅቱ የተከፈለ የክትባት ወጪ ከሞት ካሳ ጋር አይወዳደርም።

ባለቤት የሌለው ውሻ ሲነክስ ግን ማን ይጠየቃል? እዚህ ላይ ተጎጂው ብቻውን ይቀራል። ለዚህ መልሱ ክስ አይደለም፤ የከተማ አስተዳደሩና የወረዳው ሥራ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በመደበኛነት ሲከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ እንደምትጠይቁት ሁሉ «የውሻ ክትባቱስ መቼ ነው? ጤና ጣቢያው የሰው ክትባትስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልጆቻችሁን ደግሞ ይህን አስተምሯቸው፤ የሚበላ ውሻ አትንካ፣ ቡችላ ያላትን አትጠጋ፣ ውሻ ሲመጣብህ አትሩጥ። ከሁሉ በላይ ግን ሲነከሱ እንዳይደብቁ ንገሯቸው። ጥጃ ጠፋ ብሎ የሚገረፍ ልጅ ውሻ ነከሰኝ ብሎ አይናገርም። ያ ዝምታ ነው የሚገድለው።

መጀመሪያ ውኃና ሳሙና፣ ቀጥሎ ክትባት፣ ከዚያ ወረቀት፣ በመጨረሻ እርቅ ወይም ክስ። ቅደም ተከተሉን ካልገለበጣችሁት የልጃችሁ ሕይወትም መብቱም ይጠበቃል።

ይህን መልእክት የገጠር ዘመድ ላላችሁ፣ በተለይም ሽማግሌ ሆነው ለሚቀመጡ አባቶች አንብቡላቸው፤ ለሌሎችም አጋሩ።

ጤና ይብዛላችሁ።